«ጥቁሩ መስኮት ይዘጋ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ላከልኝና «ስለ አንተ ነው የተጻፈው» አለኝ። አነበብኩት፤ እውነቱን ነው። ጸሐፊው «ጥቁሩ መስኮት» የሚሉት የኔትወርክ ስዊች (የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን፣ ስልኮችንና አታሚዎችን በገመድ የሚያገናኘው ዕቃ) በትዕዛዝ መስመር፣ ማለትም ትዕዛዝ እየተተየበ፣ የሚመራበትን ገጽ ነው፤ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ። እኔ ደግሞ ላለፉት 14 ዓመታት ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያ ፊት ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ትዕዛዝ መጻፍ የድሮ ሰዎች ልማድ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ቃል ድርጅት ያቆማል፤ በድር አሳሽ የሚከፈተው ገጽ ሁሉን ነገር ባንድ እይታ ያሳያል፤ ትዕዛዞቹ እንግሊዝኛ ስለሆኑ የእኛን አገር ጀማሪ ያርቃሉ፤ የድር ገጹ ደህንነቱም የተሻለ ነው፤ ለትልልቁ ሥራ ደግሞ አውቶሜሽን (ሥራውን በሰው ምትክ የሚሠራ ፕሮግራም) መጥቷል። ስለዚህ ማሠልጠኛዎች የትዕዛዝ መስመርን ከትምህርታቸው ያውጡት ይላሉ። መጨረሻ ላይም፣ መተየብን የሙጥኝ ያልን ሰዎች የምንጠብቀው እንጀራችንን ነው ብለው ሸንቆጥ አድርገውናል።

«የድሮ ልማድ» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ምጣድም የድሮ ዕቃ ነው።

አንድ ቃል ድርጅት ያቆማል የሚለው ግን ሊታለፍ አይገባውም። ያቆማል። አቁሜ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ሆቴል ነው። አዳዲስ የጥበቃ ካሜራዎች ስለ ተገዙ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ቪላን 60 ከፍቼ፣ ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤቱ በሚወርደው ትራንክ ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ነበረብኝ። ሙያው ላልሆነ አንባቢ፦ ቪላን ማለት አንዱን ስዊች ከፋፍሎ እንደ ብዙ ስዊች ማሠራት ነው፤ ትራንክ ደግሞ የሁሉንም ክፍልፋይ ትራፊክ በአንድ ገመድ የሚያሻግር መስመር ነው። ማታ ከራት በኋላ ከቤቴ ሆኜ ገባሁ። በላይኛው ስዊች ላይ በትክክል ጽፌ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ምድር ቤቱ ተሻገርኩና «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 60» ብዬ ጻፍኩ። ጠቋሚዋ ደረቀች።

ሲስኮ የተባለው ድርጅት በሚያመርተው ስዊች ላይ ይህ ትዕዛዝ ትርጉሙ «60ን ጨምር» አይደለም። «ከ60 በቀር ማንም አይለፍ» ማለት ነው። ለመጨመር ከፈለጉ ከቁጥሩ በፊት «አድ» የምትል ቃል መግባት አለባት። እርሷን በመርሳቴ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተሮች፣ የታችኛው ፎቅ ስልኮች፣ እኔ ራሴ የገባሁበት የአስተዳደር ቪላን ሳይቀር ከውጭ ቀሩ። ቤት ያጸዳ መስሎት ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ሆንኩ።

ለሆቴሉ ጥበቃ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከደረጃው ሥር ያለውን የብረት ሣጥን ይክፈቱልኝ» አልኳቸው። «ከፈትኩት ልጄ፤ የገመድ ጫካ ነው» አሉኝ። «ከበስተኋላው ወፈር ያለ ጥቁር ገመድ ይታይዎታል?» «አራት አሉ። የትኛውን ልንቀል?» ስልካቸው ፎቶ የምታነሳ አይደለችም። የትኛው ገመድ ከየትኛው ዕቃ እንደሚወጣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ እኔም የመብራቶቹን ቀለም እየጠየቅኩ በስንት መከራ ደረስንበት። ነቀሉት፤ እስከ አሥር ቆጠሩ፤ መልሰው ሰኩት። ስዊቹ ተነስቶ እስኪያበቃ ጥቂት ደቂቃ ወሰደ፤ ከዚያ ሁሉም እንደ ነበረ ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? የሲስኮ ስዊች የራሱን መመሪያ (የተሰጡትን ትዕዛዞች ዝርዝር) በሁለት ቅጂ ይይዛል። አንደኛው አሁን የሚሠራበት ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ማህደረ ትውስታ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ሲነሳ የሚያነበው ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። እኔ ያበላሸሁት የመጀመሪያውን ነበር። «ራይት ሜሞሪ» ብዬ እስካላስቀመጥኩት ድረስ ጥፋቴ ዕድሜው እስከ ቀጣዩ መብራት መጥፋት ድረስ ነው። (ይህ ነገር ሌላም ፊት አለው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚውልበት አገር፣ ሠርቶ ማስቀመጥ የረሳ ባለሙያ ሥራው ከሳምንት በኋላ ድንገት በኖ ይጠፋበታል። ጸሐፊው ይህንን ባያነሱትም እኔ ላንሳላቸው።)

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ከርቀት ሆኜ አደገኛ ነገር ልነካ ስል በቅድሚያ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራስህን አጥፍተህ ተነሳ ማለት ነው። ሥራው ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል» ብዬ እሰርዘዋለሁ፤ ራሴን ቆልፌ ከወጣሁ ደግሞ ስዊቹ ራሱ ተነስቶ የቀድሞውን መመሪያ አንብቦ ያስገባኛል። ጋሼን ከእንቅልፋቸው አልቀሰቅስም። ሌላው አምራች ጁኒፐር ይህንኑ አሳምሮ ሠርቶታል፤ «ኮሚት ኮንፈርምድ» ካሉት አዲሱን መመሪያ ይቀበልና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካላጸኑለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማይክሮቲክ በተባለው አምራች ዕቃዎች ደግሞ «ሴፍ ሞድ» ውስጥ ሆነው እየሠሩ መስመሩ ከተቋረጠ፣ በዚያ ጊዜ ያደረጉት ለውጥ በሙሉ ይሻራል።

በድር ገጽ ቢሆን ይህ ስህተት አይደርስብህም ነበር ቢሉኝ ግን ትክክል ናቸው። እዚያ የቪላኖቹ ዝርዝር ከነሣጥኖቻቸው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ 60ን ምልክት ሲያደርጉ ሌሎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ይህችን ነጥብ ይውሰዱ። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ «ትናንት ማታ ምን ነበር የሆነው?» ሲሉኝ የጻፍኩትን መስመር፣ ያስከተለውን ነገርና ያረምኩበትን መስመር ቃል በቃል አሳየኋቸው። የጻፍኩት ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ተቀምጦ ነበርና። በማውዝ የተነካ ነገር ምስክሩ ማን ነው? አንዳንዱ የድር ገጽ «አፕላይ» ሲሉት ወዲያው ያጸናል፤ ሌላው ለየብቻ «ሴቭ» ካልተባለ አያስቀምጥም፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያደርግ የሚታወቀው ከጥፋት በኋላ ነው። ሦስት ሰዎች በየተራ የነኩትን ስዊች በማውዝ ሲያስተዳድሩ የነበሩ ባልደረቦች አጋጥመውኝ ነበር፤ ማን ምን እንደ ነካ ለማወቅ የቀራቸው መማማል ብቻ ነበር።

ጸሐፊው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፋበትን ቀንም ጠቅሰዋል። አዎን፣ ድርጅቱ ራሱ እንዳብራራው መነሻው በጥገና ጊዜ የዋና መስመሮቹን አቅም ለመመዘን የተሰጠ ትዕዛዝ ነበር፤ ትዕዛዙ መስመሮቹን በሙሉ አወረዳቸው። ማብራሪያው ግን እዚያ ላይ አያበቃም። እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ መርምሮ ማስቆም የነበረበት መሣሪያ የራሱ ጉድለት ስለ ነበረበት አሳለፈው። ያንን ትዕዛዝ በሚያምር ቁልፍ ተክተውት ቢሆን ኖሮ ቁልፉም ያው ነበር የሚያደርገው፤ ተቆጣጣሪው አንቀላፍቷልና።

«ባንድ እይታ ያሳያል» ወደሚለው ልለፍ። ስዊቹ በሥዕል ተስሎ፣ የሚሠሩት ፖርቶች (የገመድ መሰኪያዎች) አረንጓዴ ሆነው ሲታዩ ደስ ይላል፤ ለእንግዳ ለማሳየትም ይመቻል። እኔ ግን ጠዋት ገብቼ «ሾው ኢንተርፌስ ስታተስ» ስለው 48 መስመር ይዘረግፍልኛል፤ እያንዳንዱ ፖርት ስሙ፣ ሁኔታው፣ ቪላኑና ፍጥነቱ። ዓይኔ በቀኝ በኩል ያለችውን የፍጥነት ረድፍ ብቻ ይዛ ትወርዳለች። ሁሉም 1000 ሲሆኑ አንዱ 100 ይላል። በሥዕሉ ላይ ይህ ፖርት አረንጓዴ ነው፤ ይሠራላ! ለእኔ ግን ያ 100 ብዙውን ጊዜ የሚነግረኝ የገመድ ጉዳት ነው። ለ1000 ሜጋቢት የገመዱ አራቱም ጥንድ ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ስለዚህ አንድ ጥንድ ሲበጠስ መስመሩ እያነከሰ መሄዱን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ብዬ ወርጄ ሳይ የጠረጴዛ እግር ገመዱ ላይ ቆሞ አገኛለሁ። ሌላው ፖርት «ኧር-ዲሴብልድ» ይላል፤ አንድ ሰው የማያውቀውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ ሰክቶ ዙሪያ ጥምጥም ሲፈጥር ስዊቹ ለደህንነቱ ሲል ዘግቶታል ማለት ሊሆን ይችላል።

«የሂሳብ ክፍሉ አታሚ ጠፋ» ሲባልም እንዲሁ ነው። አታሚው ላይ የተለጠፈውን የማክ አድራሻ (የዕቃውን መለያ) የመጨረሻ አራት ምልክቶች ይዤ፣ የትኛው አድራሻ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያሳየውን የስዊቹን ሠንጠረዥ በእነርሱ ብቻ እንዲያጣራልኝ አዛለሁ። አንድ መስመር ይመልሳል፦ 17ኛው ፖርት። ምንም ካልመለሰ ደግሞ አታሚው ቢያንስ ላለፉት አምስት ደቂቃዎች ትንፍሽ አላለም፤ ስዊቹ ሳይነኩት ዝም ያለን አድራሻ የሚረሳው በ300 ሰከንድ ነውና። በድር ገጹ ይህንን ማግኘት አይቻልም አልልም። ስድስተኛው ማውጫ ሥር አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ቋንቋው፤ ስለ እኛ ሰው የሚያወሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀረብ ብዬ ልመልስ። ትዕዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ እውነት ነው። የድር ገጹስ በምን ቋንቋ ነው? አማርኛ የሚናገር ስዊች እስካሁን አላየሁም። ልዩነቱ፣ በትዕዛዝ መስመር በኩል በየቀኑ የምጠቀምባቸው ቃላት ቢቆጠሩ ከሠላሳ የማይበልጡ መሆናቸው ነው። ያልገባው ጀማሪ የጥያቄ ምልክት ሲጽፍ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው ቃል ሁሉ ከነማብራሪያው ይዘረዘርለታል፤ ቃሉን ጀምሮ «ታብ» የተባለውን ቁልፍ ሲነካ ስዊቹ ራሱ ይጨርስለታል። እንዲህ ያለ ታጋሽ አስተማሪ በሰው ዘንድ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ቀን ደሴ ላለ አንድ ወጣት በስልክ ሥራ ሳስጨርስ ነበር። መጀመሪያ የድር ገጹን ከፍቶ ነበር። «በግራ በኩል ሦስት መስመር ያላት ምልክት አለች?» «የለችም።» «ማርሽ የምትመስልስ?» «ሁለት ማርሽ አለ ጋሼ።» የእርሱ ስዊች የሶፍትዌር እትሙ ከእኔው የተለየ ነበር፤ ገጹም እንዲሁ ተለውጧል። ኢንተርኔቱም ደካማ ስለ ነበር እያንዳንዱ ገጽ እስኪከፈት እንጠብቃለን። ሲታክተን በኤስኤስኤች (ከርቀት ትዕዛዝ በሚጻፍበት የተመሰጠረ መስመር) አስገባሁትና አምስት መስመር ጽፌ በቴሌግራም ላክሁለት። ገልብጦ ለጠፈው፤ ያወጣለትን መልሶ ላከልኝ፤ ሁለተኛዋ መስመር ላይ የቪላኑ ቁጥር መሳሳቱን አየሁ። ሥራው አለቀ። ያቺን አምስት መስመር ዛሬም ለሌሎች እልካታለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለስዊችም ይሠራል፤ ማውዝ ያደረገውን ለመውረስ ግን አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለ ደህንነት የጻፉት ከሁሉም ይበልጥ አስገርሞኛል። ትዕዛዝ መስመሩ በግልጽ የሚሄድ ያልተመሰጠረ መስመር ነው፤ የድር ገጹ ግን የተመሰጠረ ነው ይላሉ። ይህ ወቀሳ ቴልኔት ለተባለው የቀድሞ የርቀት መግቢያ ይገባዋል፤ ቴልኔት የይለፍ ቃልዎን ልክ እንደ ፖስታ ካርድ ለሚያልፈው ሁሉ እያስነበበ ነው የሚወስደው። መድኃኒቱ ከተገኘ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ኢሎኔን የተባሉ ፊንላንዳዊ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነበር ኤስኤስኤችን የጻፉት። ቴልኔትን ክፍት የተዉ ስዊቾች ዛሬም ሞልተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በሲስኮ ከ300 በላይ የስዊች ዓይነቶች ላይ በቴልኔት በኩል የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩ ሲታወቅ የተሰጠው ምክርም ቴልኔትን ዝጉት የሚል ነበር። በዚህ አልከራከርም።

የድር ገጹስ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሲስኮ አዮኤስ ኤክስኢ በተባለው ሶፍትዌሩ የድር ገጽ ላይ ስለ ተገኘ ቀዳዳ አስጠነቀቀ። የአደጋው ክብደት ከ10 የተሰጠው ሙሉ 10 ነበር፤ ከዚያ በላይ የለም። አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ለራሱ ሙሉ ሥልጣን ያለው የተጠቃሚ ስም ይከፍት ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ተደፈሩ። ማረሚያው እስኪደርስ ለኢንተርኔት የተጋለጡት መሣሪያዎች የድር ገጻቸው እንዲዘጋ ተመከረ። የሚዘጋውም «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሰርቨር» እና «ኖ አይፒ ኤችቲቲፒ ሴኪዩር-ሰርቨር» በሚሉ ሁለት መስመሮች ነው። እነዚህ መስመሮች የሚጻፉበትን መስኮት ጸሐፊው ያውቁታል፤ ጥቁር ነው።

አውቶሜሽን መጥቷልና መተየብ አበቃ ለሚለው፦ መምጣቱስ መጥቷል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ብቅ ያለው አንሲብል የተባለው የአውቶሜሽን መሣሪያ ብዙዎቹን ስዊቾች የሚያስተዳድረው እንዴት እንደሆነ ግን ቢመለከቱት መልካም ነበር። በኤስኤስኤች ይገባል፤ እኔ የምጽፋቸውን ትዕዛዞች ይጽፋል፤ ይወጣል። የማይደክም እኔ ነው። የምጽፈውን የማያውቅ ሰው ለእርሱ ምን ብሎ ያዘዋል? አንድ ስህተት በአንድ ስዊች ላይ ስሠራ ጋሼን እቀሰቅሳለሁ፤ በ200 ስዊች ላይ ባንዴ ብሠራው የምቀሰቅሰው ከተማውን ነው።

እዚህ ላይ የጸሐፊውን ክርክር ከእርሳቸው አሻሽዬ ላቅርበው፤ ያላነሱት ጠንካራ ነጥብ አለና። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎችንና የፕሮቶኮል (መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ደንብ) ቀራጮችን አንድ ላይ ሰብስቦ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ስለ ትዕዛዝ መስመር ያቀረቡት ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ መልሱ ለሰው ዓይን እንጂ ለፕሮግራም የተሰናዳ አይደለም፤ እትሙ ሲለወጥ ያዘጋጁት ፕሮግራም ይሰበራል። ከዚያ ውይይት ነበር ኔትኮንፍ የተባለው፣ ፕሮግራሞች መሣሪያዎችን የሚያዙበት ፕሮቶኮል የተወለደው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ግን እነዚያው አስተዳዳሪዎች በዚያው ስብሰባ ምን አጥብቀው ጠየቁ? መመሪያው ጽሑፍ ሆኖ ይቆይ፤ የትናንቱንና የዛሬውን በተራ የጽሑፍ ማነጻጸሪያ ማስተያየት እንድንችል አድርጉልን አሉ። የእኔም ጥያቄ ይኸው ነው። በየሌሊቱ የሁሉንም ስዊች መመሪያ ሰብስቤ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት የተለየችውን መስመር ብቻ አያለሁ። ማን እንደ ለወጣት፣ መቼና ለምን እንደሆነ ልጠይቅ የምችለው መስመሯ ስላለች ነው።

በክላውድ (በኢንተርኔት በኩል ከአምራቹ ሰርቨር) የሚተዳደሩትን ስዊቾች በተመለከተ አጭር ቃል። ብዙ ትንንሽ ቅርንጫፍ ላለውና በየቦታው ባለሙያ ለሌለው ድርጅት ጥሩ ናቸው፤ መክሬም አስገዝቼ አውቃለሁ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ስዊቹ ሥራውን ይቀጥላል፤ እርስዎ ግን ከሩቅ ሆነው አያዩትም፤ ሊያዩት የሚፈልጉት ደግሞ ያኔ ነው። ፈቃዱ በየጊዜው መታደሱን፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ለፋይናንስ ክፍል የሚያስረዳው ሰው ትዕግሥት ይስጠው።

ማሠልጠኛዎች ያውጡት የሚለውን እንዲህ ልመልስ። ከካርቶን የወጣ፣ አይፒ አድራሻ የሌለው ስዊች፤ ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ የለቀቀበት ስዊች። የድር ገጽ በየት በኩል ይከፈታል? ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የምታገናኘውን ሰማያዊዋን የኮንሶል ገመድ ሰክቶ፣ ፍጥነቱን 9600 ላይ አድርጎ፣ ፊደሎቹ እያዘገሙ ሲመጡ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ያስፈልጋል። ከአንድ በላይ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

የእንጀራዋ ነገር ቀረች። ጸሐፊው የሸነቆጡን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ መካከል ሆን ብሎ ምንም ማስታወሻ ሳይተው የሚሠራ አለ፤ ሲጠራ ተፈላጊ እንዲሆን። እያንዳንዱ ፖርት ላይ «ዲስክሪፕሽን» የሚባል፣ ምን እንደ ተሰካበት የሚጻፍበት ቦታ አለ። በላቲን ፊደል «ሂሳብ ክፍል፣ አታሚ» ብሎ ለመጻፍ ከአሥር ሰከንድ በላይ አይወስድም። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ይህንን ቦታ በ48ቱም ፖርት ላይ ባዶ ትቼው ነው የወጣሁት። ስንፍና ነው እል ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ስንፍና ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ። ባለፈው ወር እዚያ የተቀጠረ ልጅ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 24ኛው ፖርት ላይ አንድ ነገር አለ፤ ሲነቀል ማን እንደሚጮህ ይነግሩኛል?» አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ትዝ አላለኝም።